ሲሮጡ የታጠቁት

ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ዕድሜያቸውን መኪና መንዳት ሲያስተምሩ የኖሩ ጡረተኛ፤ ሌላዋ ከእሳቸው ዘንድ ተምራ መንጃ ፈቃድ ያወጣች፣ በቅርቡም ቪትዟን ሸጣ ከቻይና የመጣ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛች የሂሳብ ሠራተኛ። ወሩ ሐምሌ ነው። መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሟል።

ባለመኪናዋ፦ ጋሼ፣ መንዳቱስ አላስቸገረኝም። ማርሽ የለው፣ ፍሪሲዮን የለው፤ እግር ማሳረፍና ማንሳት ብቻ ነው። ያስቸገረኝ ውስጡ ነው። ሙቀት ልጨምር ብዬ ስክሪኑን ስነካ ወንበሩ ጀርባዬን ማሸት ይጀምራል። እሱን ላጥፋ ስል ደግሞ ሬዲዮው ይጮህብኛል።

አሰልጣኙ፦ እስቲ እንደምትነጂ ሆነሽ ተቀመጪ። ዓይንሽን ጨፍኚ።

ባለመኪናዋ፦ ደግሞ ምን ሊያደርጉኝ ነው?

አሰልጣኙ፦ ጨፍኚ ነው የምልሽ። ፍሬቻ ወደ ቀኝ አሳዪኝ። ጥሩ። ዝናብ መጥረጊያ። ጥሩ። ክላክስ፤ አታስጩኺው፣ እጅሽን አሳርፊበት ብቻ። ድርብ ፍሬቻስ?

ባለመኪናዋ፦ እሱ... ከስክሪኑ በታች ነው። አይ፣ ቆዩኝ፣ ከላይ መብራቱ ጋ ነው መሰለኝ።

አሰልጣኙ፦ እሺ፣ የፊት መስታወቱን ላብ የሚያጠፋው?

ባለመኪናዋ፦ እሱማ ስክሪኑ ውስጥ ነው። ጨፍኜ እንዴት አገኘዋለሁ?

አሰልጣኙ፦ በይ ግለጪ። አዲስ መኪና የገዛ ሰው ሁሉ ይህን ፈተና ለራሱ ቢሰጥ ደስ ይለኛል። እጅሽ ሳታዪው የሚደርስበትን ነገር እየነዳሽ ልታዢው ትችያለሽ። ዓይንሽን ከመንገድ ካልነቀለ የማይታዘዘውን ግን ቆመሽ ጨርሰሽው ነው መነሳት ያለብሽ። እኔ የመኪናን ውስጥ ለሁለት የምከፍለው በዚህ ነው፤ ቤንዚን ይሁን ኤሌክትሪክ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ባለመኪናዋ፦ እንግዲህ ጀመሩ። የድሮው ይሻላል ሊሉኝ ነው።

አሰልጣኙ፦ ማን አለ? የኋላ ካሜራን የመሰለ ነገር የት ይገኛል! ሰው ወደ ኋላ መግባት ሳስተምር አንገቴ ተጣሞ ነው ጡረታ የወጣሁት። ከመኪናው ጀርባ ቁጢጥ ያለ ሕፃን በስፖኪዮ አይታይም፤ በካሜራ ይታያል። ያ ለስክሪን የተገባ ሥራ ነው። ወደ ኋላ የምትሄጂው ቀስ ብለሽ ነው፤ ማየት ያለብሽም እሱኑ ነው። እኔ የምጠላው ማራገቢያውን አንድ ደረጃ ለመቀነስ ሦስት ቦታ መንካትን ነው። ቪ ቢላጋሬ የሚባል የስዊድን የመኪና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2022 ይህንኑ ለክቶት ነበር። 11 አዳዲስ መኪናዎችንና አንድ የ2005 ሥሪት ቮልቮ ቪ70 የአውሮፕላን መንደርደሪያ ላይ አወጡ። አሽከርካሪው በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር እየነዳ የወንበር ማሞቂያ ያብራ፣ ሙቀት ይጨምር፣ የሬዲዮ ጣቢያ ይፈልግ፣ የዳሽቦርዱን መብራት ይቀንስ፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን ነገር እንዲሠራ ታዘዘ። ከመኪናው ጋር እንዲለማመድም አስቀድሞ ጊዜ ተሰጥቶታል። አሮጌው ቮልቮ በ10 ሴኮንድ ተገላገለ። ከአዲሶቹ መጨረሻ የወጣው 44.9 ሴኮንድ ፈጀ።

ባለመኪናዋ፦ ቆይ ላስላው። በሰዓት 110 ማለት በሴኮንድ ከ30 ሜትር በላይ ነው። ቮልቮው 300 ሜትር ሲሄድ ያኛው ከ1,300 በላይ ሄዷል ማለት ነው!

አሰልጣኙ፦ 1,372 ብለው ነው የጻፉት።

ባለመኪናዋ፦ ግን ጋሼ፣ እኔ ከሳሪስ መስቀል አደባባይ ነው የምመላለሰው። 110 በሕልሜም አልነዳም።

አሰልጣኙ፦ በ40 ንጂ። እሱም በሴኮንድ 11 ሜትር ነው። ዓይንሽ ሁለት ሴኮንድ ስክሪን ላይ ቢቆይ 22 ሜትር በጭፍን ሄድሽ። በሳሪስ መንገድ 22 ሜትር ውስጥ ምን የማይገባ ነገር አለ? ሚኒባሱ ፍሬቻ ሳያሳይ ተሳፋሪ ሊያወርድ ይቆማል፣ ተማሪው ከአውቶቡስ ጀርባ ዘሎ ይወጣል፣ ባለጋሪው መንገድ ስቶ ይመጣል። ባዶ አውራ ጎዳና ላይ በ110 ስክሪን ከማየት እኛ ሰፈር በ40 ማየት ይብሳል ብዬ እከራከራለሁ።

ባለመኪናዋ፦ ታዲያ ይህ ሁሉ ከታወቀ ለምን እንዲህ አድርገው ይሠሩታል?

አሰልጣኙ፦ የሂሳብ ሰው አንቺ። አንቺ ንገሪኝ እንጂ።

ባለመኪናዋ፦ ስለሚረክስ ይሆናላ። እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ቅርጽ ማውጫ፣ የራሱ ሽቦ፣ የራሱ ፍተሻ ይፈልጋል። ስክሪን ግን አንዴ ከተገጠመ ለሁሉም ሞዴል ይሆናል፤ የረሱትንም በኋላ በሶፍትዌር ይጨምሩበታል። በዚያ ላይ መሸጫው ውስጥ ሲያዩት ያምራል። እውነቱን ልንገርዎ፣ የእኔንም ልብ የወሰደው እሱ ነው።

አሰልጣኙ፦ ያምራል፣ አልካድኩም። ግን አዲስ ነገር እንዳይመስልሽ። ቢዩክ ሪቪዬራ እ.ኤ.አ. በ1986 በጣት የሚነካ ስክሪን ይዛ ወጥታ ነበር፤ እንደዚያን ጊዜው ቴሌቪዥን ሆዱ የገፋ ስክሪን ነው። ሬዲዮውንም ኤሲውንም እዚያ ውስጥ ከተቱት። ገዢው አልወደደውም፤ ጥቂት ዓመት ቆይተው አወጡትና ቁልፉን መለሱ። አሁንም ያው ታሪክ እየተደገመ ነው። ከተማችንን የሞላውን የቮልስዋገን አይዲ 4 ተመልከቺ። የድምፁና የሙቀቱ ማስተካከያ ጣት የሚንሸራተትበት ልሙጥ ነገር ነው፤ ቀደም ብለው በወጡት ላይ ማታ እንኳ አይበራም። የኋላውን መስታወት ለማውረድ መጀመሪያ አንድ ምልክት ነክተሽ የፊቱን ቁልፍ ለኋላው እንዲሠራ ታደርጊዋለሽ። ገዢው በየአገሩ ሲያማርር ቆየና የኩባንያው የዲዛይን ኃላፊ አንድሬያስ ሚንት እ.ኤ.አ. በ2025 ድምፁ፣ የግራና የቀኙ ሙቀት፣ ማራገቢያውና ድርብ ፍሬቻው ወደፊት በሚወጡት ሞዴሎች ላይ እውነተኛ ቁልፍ ይኖራቸዋል አለ።

ባለመኪናዋ፦ ሕግስ የለውም እንዴ?

አሰልጣኙ፦ ሕግ እንኳ አይባልም፤ ግን ዩሮ ኤንካፕ የሚባለው የአውሮፓ የመኪና ደህንነት መዛኝ እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ አምስት ነገሮችን ከስክሪን ውጭ ይፈልጋል፤ ፍሬቻ፣ ድርብ ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ ዝናብ መጥረጊያና የአደጋ ጊዜ ጥሪ። አምስት ኮከቡን የሚፈልግ ኩባንያ እነዚህን በቁልፍ ያድርግ ነው የሚለው። ለእኔ ስድስተኛ ያስፈልግ ነበር፤ የመስታወት ላብ ማጥፊያው።

ባለመኪናዋ፦ እሱን ካነሱ ይንገሩኝ። ባለፈው ከእንጦጦ ስወርድ ዝናብ ያዘኝ። አራት ሰዎች ነን። መስታወቱ በአንዴ ተሸፈነ። ጓደኛዬ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፣ እኔ በእጄ እጠርጋለሁ፤ ሳንጨርስ ይመለሳል።

አሰልጣኙ፦ ኤሲው እንዴት ነበር?

ባለመኪናዋ፦ ይበርደናል ብዬ አጥፍቼዋለሁ። የውጭ አየር እንዳይገባም ዘግቼ ነበር።

አሰልጣኙ፦ አየሽ፣ አበሻ ሁሉ የሚያደርገው እሱን ነው። አራት ሰው ይተነፍሳል፣ ልብሳችሁ ርሷል፣ ጃንጥላው እግራችሁ ሥር ይንጠባጠባል። ያ ሁሉ እርጥበት መውጫ አጣ፤ ዘግተሽበታል። መስታወቱ ደግሞ በዝናቡ ቀዝቅዟል። እርጥብ አየር ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ውሃ ይሆናል፤ ከፍሪጅ የወጣ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ የሚያልበው ለዚህ ነው። ኤሲ ታዲያ ለማቀዝቀዝ ብቻ የተሠራ ይመስላችኋል። ውስጡ ያለው ቀዝቃዛ ራዲያተር በላዩ የሚያልፈውን አየር ውሃውን ያስተፋዋል፤ ውሃውም በቱቦ ይወርዳል። ወደ ቆላ ስትሄጂ የቆመ መኪና ሥር የምታዪው እርጥብ መሬት የዚያ ውጤት ነው። ኤሲ አየር ያደርቃል። በክረምትም፣ በብርድም ያደርቃል።

ባለመኪናዋ፦ ታዲያ በብርዱ ላይ ብርድ ልጨምር?

አሰልጣኙ፦ ማሞቂያውንም አብረሽ ታበሪያለሽ። አየሩ መጀመሪያ በቀዝቃዛው ላይ አልፎ ይደርቃል፣ ቀጥሎ በሚሞቀው ላይ አልፎ ይሞቃል፣ ከዚያ ወደ ፊት መስታወቱ ይላካል። ደረቅና ሙቅ አየር የመስታወቱን እርጥበት ይጠጣዋል። የውጭውን አየር ክፈቺ፤ ዝናብ እየዘነበ እንኳ የውጭው አየር አራት ሰው ከተነፈሰበት ይሻላል። ማራገቢያውን ከፍ አድርጊ። አንድ ደቂቃ፣ ቢበዛ ሁለት ደቂቃ ታገሺው።

ባለመኪናዋ፦ ይህን ሁሉ እየነዳሁ?

አሰልጣኙ፦ ደግነቱ ሁሉንም በአንድ የሚያደርግ ምልክት አለው። ስክሪንሽን ክፈቺው። ከላይ ሰፋ ብሎ የጎበጠ፣ ከታች ጠበብ ያለ ቅርጽ፣ በመሃሉ ሦስት የተጥመዘመዙ ቀስቶች ወደ ላይ የሚወጡበት ይታይሻል? እሱ የፊት መስታወት ነው። አጠገቡ ያለው አራት ማዕዘን የኋላው ነው። የኋላው አየር አይነፋም፤ መስታወቱ ላይ የተሰመሩት ቀጫጭን መስመሮች ሽቦ ናቸው፣ እነሱ ይሞቃሉ። ለዚህ ነው የኋላ መስታወት ከውስጥ በምላጭ አይፋቅም የምላችሁ። አንዷ መስመር ከተቆረጠች ያ ቦታ ሁልጊዜ ጉም ይዞ ይቀራል።

ባለመኪናዋ፦ እኔ እኮ ይህን ምልክት የብርሃን መስሎኝ ነበር።

አሰልጣኙ፦ ጎበዝ ናት ብዬ መንጃ ፈቃድ አሰጥቻት!

ባለመኪናዋ፦ ግን የአየር መዝጊያው ካልጠቀመ ለምን ተሠራ?

አሰልጣኙ፦ ከሲኖትራክ ጀርባ ሽቅብ ስትወጪ ጭሱን ዝጊበት። አቧራ መንገድ ላይ ዝጊ። ቆላ ወርደሽ ፀሐይ ያቃጠለውን መኪና ቶሎ ለማቀዝቀዝም የውስጡን አየር መልሶ ማዞር ይፈጥናል። ለዝናብ ክፈቺ፣ ለጭስ ዝጊ። ጭሱ ሲያልፍ መክፈቱን ነው ሰው የሚረሳው፤ ተዘግቶ ይከርማል፣ ሰው ያንቀላፋል፣ መስታወት ያልባል። ጅቡቲ ስትደርሺ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ታገኚዋለሽ። የውጭው አየር እርጥብና ሙቅ ነው፣ አንቺ ውስጡን አቀዝቅዘሽዋል፤ መስታወቱ ከውጭ በኩል ያልባል። ከውስጥ ብትጠርጊው አይነካም። ዝናብ መጥረጊያውን አንዴ ታዞሪውና ቅዝቃዜው መስታወቱ ላይ እንዳይነፋ ታደርጊያለሽ።

ባለመኪናዋ፦ ቻርጁንስ አይበላብኝም?

አሰልጣኙ፦ ይበላል። መስታወቱ ሲጠራ ትቀንሺዋለሽ። ደግሞ መስታወቱን ከውስጥ በንጹሕ ጨርቅ አጽጂው፤ ቆሻሻና ቅባት ያለበት ቶሎ ያልባል። በእጅሽ ስትጠርጊው ቅባት ነው የምትጨምሪበት።

ባለመኪናዋ፦ ቋንቋውስ ጋሼ? ስገዛው ሁሉም ነገር በቻይንኛ ነበር። የሚቀይር ልጅ አገኘሁና ከፈልኩት፤ ግማሹ እንግሊዝኛ ሆነ፣ ግማሹ ቻይንኛ እንደሆነ ቀረ። የቅንብሩን ገጽ ስከፍት ከላይ አነባለሁ፣ ወደ ታች ስወርድ እደነቁራለሁ።

አሰልጣኙ፦ በድምፅ ማዘዝስ አይሰማም?

ባለመኪናዋ፦ አማርኛ የት ያውቃል! ቻይንኛውን ግን ከቢሮ ጓደኛዬ ለምጃለሁ። «ዳ ካይ ኮንግ ትያዎ» ስለው ኤሲውን ይከፍታል። ልጆቼ አሁን ቤት ውስጥም ኮንግ ትያዎ ይላሉ። መስኮቱን ግን እስካሁን አልታዘዘልኝም፤ አጠራሬ ነው መሰለኝ።

አሰልጣኙ፦ እንዲያውም መስኮት በቻይንኛ ከማዘዝ ምልክቱን መልመድ ይቀላል። የመኪና ምልክቶች ዝም ብለው በየኩባንያው የተሳሉ አይምሰሉሽ። አይሶ 2575 የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ አላቸው። የዘይት ማንቆርቆሪያዋ ጃፓን ሠራው ጀርመን ሠራው ያችው ናት። ቀይ ሲበራ ቁሚ፣ ቢጫ ሲበራ ቶሎ አስመርምሪ፣ አረንጓዴ ሥራ ላይ ነኝ ሲል ነው፣ ሰማያዊው የረጅም መብራት ነው። እኔ ፊደል ያልቆጠሩ ሹፌሮች አስተምሬ አውቃለሁ፤ በምልክቱ ከማንም እኩል ነዱ። ስክሪን የመጣ ጊዜ ነው ጽሑፍ የተመለሰው። ረጅም ዝርዝር፣ አንዱ ውስጥ ሌላ፣ በሰው ቋንቋ። ለዚህ ነው የእኛ አገር ሰው በዚህ ነገር ከአውሮፓው የበለጠ የሚቸገረው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል፣ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ነው፣ አብዛኛውም ከቻይና፣ ብዙውም ለቻይና ገበያ የተሠራ ነው።

ባለመኪናዋ፦ እኔ ታዲያ ምን ይዋጠኝ? መኪናው ተሠርቶ አልቋል።

አሰልጣኙ፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ሲባል አልሰማሽም? ሳትነሺ ታጠቂ። ቅንብር የሚባለውን ሁሉ እዚሁ ግቢ ውስጥ ቆመሽ ጨርሺ። ሙቀቱን 22 ላይ አድርገሽ «አውቶ» በይውና ተይው፤ ማራገቢያውን እሱ ይጨምር፣ እሱ ይቀንስ። ስልክሽን አገናኚ፣ የምትሄጂበትን ካርታ ላይ አስገቢ፣ ሙዚቃሽን ምረጪ። እግርሽን ስታነሺ መኪናው ምን ያህል እንደሚይዝ የሚወስነውንም ቅንብር አሁኑኑ እዪው። ወንድምሽ ተውሶ ነድቶት ከቀየረው ጠዋት ስትነሺ ፍሬኑ የተለወጠ ይመስልሻል።

ባለመኪናዋ፦ እሱስ እውነት ነው፤ ባለፈው ቅዳሜ እንዲያ ሆኖብኝ ደንግጬ ነበር።

አሰልጣኙ፦ ወንበርና ስፖኪዮ አስተምሬሻለሁ፣ አልደግመውም። ጀርባሽን ወንበሩ ላይ አጣብቀሽ ክንድሽን ስትዘረጊ አንጓሽ መሪው አናት ላይ ይረፍ። ደረትሽ ከመሪው መሃል ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ኤርባጉ ሲወጣ ቦታ ይፈልጋል። የራስ መደገፊያውን እስከ አናትሽ ከፍ አድርጊው፤ አንገት ላይ ተቀርቅሮ ያለው ከኋላ ስትመቺ ይሰብራል እንጂ አያድንም። አዲሱ ነገር መኪናሽ ይህን ሁሉ የሚያስታውስልሽ መሆኑ ነው። በሩ ላይ አንድ፣ ሁለት የሚሉ ቁልፎች አሉ። አንዱን ለራስሽ ያዢ፣ ሁለቱን ለባልሽ ስጪው።

ባለመኪናዋ፦ ይህን እንኳ አላውቅም ነበር። እሱ ከነዳ በኋላ ሁልጊዜ ወንበሩን ስጎትት ነው የምውለው።

አሰልጣኙ፦ በእጅ ያለ ወርቅ ነው የሆነብሽ። ልጆች ትጭኛለሽ አይደል? የኋላውን በር ክፈቺና ጎኑ ላይ እዪ፤ በሩ ሲዘጋ የሚሸፈነው ቦታ። አንዲት ትንሽ መቆለፊያ አለች። እሷን ስታዞሪ በሩ ከውስጥ አይከፈትም። ክንድሽ ሥር ካሉት የመስኮት ቁልፎች አጠገብ ደግሞ ሌላ አለ፤ የኋላ መስኮቶችን ከአንቺ በቀር ማንም እንዳያወርድ የሚያደርግ። የመስኮቱን ቁልፍ ራሱን ልብ ብለሽው ታውቂያለሽ? ወደ ታች ስትጫኚው ይወርዳል፣ ለመዝጋት ግን ጫፉን በጣትሽ ወደ ላይ መሳብ አለብሽ።

ባለመኪናዋ፦ ሁሉም እንዲህ አይደለም እንዴ?

አሰልጣኙ፦ አልነበረም። ድሮ እንደ ቤት መብራት ማብሪያ በሁለቱም በኩል የሚጫኑት ነበር። ሕፃን ራሱን በመስኮቱ አውጥቶ በጉልበቱ የክንድ መደገፊያው ላይ ይወጣል፣ ጉልበቱ ቁልፉን ይጫናል፣ መስታወቱ አንገቱን ይይዘዋል። በዚህ የሞቱ ልጆች አሉ። በኋላ አሜሪካ ለመዝጋት መሳብ ግዴታ እንዲሆን ደነገገች። አሁን ሕፃን ቢረግጠውም መክፈት እንጂ መዝጋት አይችልም። ቁልፍ ቅርጹ ያለ ምክንያት አይደለም። ስክሪን ላይ ያለ ሥዕል ይህን አያውቅም፤ ለመክፈትም ለመዝጋትም ያው መንካት ነው።

ባለመኪናዋ፦ እሺ፣ ከምቾቱ የወደዱትስ ምንም የለም? ሁሉን አጣጣሉብኝ እኮ።

አሰልጣኙ፦ አውቶ ሆልድን እወዳለሁ። ከፒያሳ ወደ ለገሃር ቁልቁል ዝግ ሲሆን እግርሽን ፍሬን ላይ ተክለሽ ከመዋል እሱ ይያዝልሽ። ሽቅብ ስትቆሚማ ይብሳል፤ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ስንት ተማሪ አስለቅሶብኛል መሰለሽ። ክሩዝንም እወዳለሁ። እሱንማ ማን እንደፈጠረው ታውቂያለሽ?

ባለመኪናዋ፦ ጃፓኖች?

አሰልጣኙ፦ አሜሪካዊ ነው፤ ራልፍ ቲተር። በአምስት ዓመቱ ዓይኑ የጠፋ ሰው።

ባለመኪናዋ፦ ዓይነ ስውር ነው የመኪና ፍጥነት መያዣ የሠራው?

አሰልጣኙ፦ መሐንዲስ ነበር፤ የመኪና ዕቃ የሚያመርት ድርጅትም መርቷል። ጠበቃው እየነዳ ሲወስደው፣ ሲያወራ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ሲያዳምጥ ይጨምራል፤ መንገጫገጩ አስመረረው ይባላል። ዓይን ያለን ሰዎች ያን አናስተውለውም፤ እሱ ግን በሰውነቱ ነው የሚያየው። እ.ኤ.አ. በ1950 የፈጠራ መብት አገኘ፣ በ1958 ክራይስለር ኢምፔሪያል ላይ ገጠመው። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው መኪና በአካልም እንደሚታወቅ ስለሚመሰክርልኝ ነው። ያ ሰው ልሙጥ ስክሪን ላይ ምን ይሠራ ነበር?

ባለመኪናዋ፦ በድምፅ ያዘው ነበራ! እንዲያውም ለእሱ ዓይነቱ ሰው ድምፅ ከቁልፍም ይሻላል። እጅ የሌለውስ? ጋሼ፣ ስክሪኑንና ድምፁን አንድ ላይ አይውቀጧቸው።

አሰልጣኙ፦ እሱ ላይ ረታሽኝ። አማርኛ ይወቅ እንጂ፣ ከድምፅ ጋር ጠብ የለኝም።

ባለመኪናዋ፦ አዳማ በፍጥነት መንገዱ ስሄድ ክሩዙን ይዤ ነበር። ከፊት ያለውን መኪና እያየ ራሱ ይቀንሳል። አሪፍ ነው።

አሰልጣኙ፦ ደረቅ መንገድ ላይ፣ ትራፊኩ ሲሳሳ። በከባድ ዝናብ አትያዢው፤ ጎማው ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ አንቺ እግርሽን ታነሺ ነበር፣ እሱ ግን ሊገፋ ይችላል። ከተማ ውስጥም ተይው። አሁን ወደ ቁልፉ እንሂድ፤ የኪስሽ ቁልፍ። ባትሪው ቢያልቅ ምን ታደርጊያለሽ?

ባለመኪናዋ፦ መካኒክ እደውላለሁ።

አሰልጣኙ፦ ስጪኝ እስቲ። ይህችን ስትገፊያት ውስጡ የብረት ቁልፍ አለ፣ አየሽው? በሩን በዚህ ትከፍቻለሽ። ቀዳዳው መያዣው ላይ በክዳን ተሸፍኗል። ገብተሽ ደግሞ ቁልፉን ማኑዋሉ በሚያሳይሽ ቦታ ላይ ብታስቀምጪው መኪናው ያውቀዋል፤ አንዳንዱ ላይ ማስነሻው ነው፣ አንዳንዱ ላይ የኩባያ ማስቀመጫው ሥር ነው። ከዚህ የሚከፋው ትንሿ ባትሪ ስትሞት ነው። የኤሌክትሪክ መኪናም እንደሌላው ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለው። ትልቁ ባትሪ ሞልቶ እሷ ከደከመች ስክሪን የለ፣ መስኮት የለ፣ በር የለ። ስለዚህ በሩን ያለ ኤሌክትሪክ ከውስጥ የሚከፍተው መያዣ የት እንዳለ ዛሬውኑ ፈልጊ። የፊቱንም የኋላውንም። ለልጆችሽም አሳዪያቸው።

ባለመኪናዋ፦ አሁን ነው የፈራሁት።

አሰልጣኙ፦ ፍርሃት ምን ያደርጋል፤ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። መሪው ላይ ያለችው ኮከብ ምንድን ናት?

ባለመኪናዋ፦ እሷ የፈለግኩትን ልትሠራልኝ የተተወች ናት። አቋራጭ። እስካሁን ፎቶ ማንሻ አድርጌያት ነበር፤ መንገዱን በካሜራ ታነሳለች።

አሰልጣኙ፦ ፎቶ! በይ አሁኑኑ ቀይሪያት። የፊት መስታወት ላብ ማጥፊያውን አድርጊባት።

ባለመኪናዋ፦ ቆይ... ቅንብር... መሪ... አቋራጭ... ይኸው ዝርዝሩ ወጣ። ይህ በቻይንኛ ነው ጋሼ።

አሰልጣኙ፦ ሥዕሉን እዪ። የጎበጠው፣ ባለ ሦስት ቀስቱ።

ባለመኪናዋ፦ ሆነ! ነፋ።

አሰልጣኙ፦ ጨፍኚና እንደገና ሞክሪው።

ባለመኪናዋ፦ ይኸው። ጠፋ። ይኸው፣ በራ። እንግዲህ እኔም አንድ ነገር ልበልዎት። የእኔ ልጆች ሲያድጉ የሚዞር ቁልፍ ሲያዩ ይገርማቸዋል፤ እርስዎ ስክሪን እንደገረመዎት። ያን ጊዜ ማን ትክክል ይሆናል?

አሰልጣኙ፦ ያን ጊዜ እነሱ ይነዳሉ፣ እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ። የኋላውን መስኮት ብቻ እንዳይቆልፉብኝ ንገሪልኝ።